ስልጠና ላይ እያለን በቅዳሜና እሁድ ፈቃድ አዲስ አበባን ሀውልት ለሀውልት የዞርንበት ጊዜ (ረጅም ነው)

ባለኮዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ዕቃ ሳስተካክል ከአንድ ደብተር መሀል የድሮ የፈቃድ ወረቀት አገኘሁ፣ ማህተሙ ደብዝዟል ግን "ከቅዳሜ 6 ሰዓት እስከ እሁድ 11 ሰዓት" የሚለው ይነበባል። ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ እዚህ ልፃፈው አልኩ።

ሆለታ ወታደራዊ ስልጠና ላይ ነበርን። ዓመቱን ልተወው፣ ብቻ የአቡነ ጴጥሮስ ሀውልት በባቡሩ ስራ ከተነሳበት ተመልሶ ቆሟል፣ ፒያሳ ያለው የአድዋ መታሰቢያ ደግሞ ገና አልተሰራም ነበር፣ ከዚ ገምቱት። ለወራት ከግቢ ሳንወጣ ቆይተን የመጀመሪያው ፈቃድ ሲሰጠን አብዛኛው ልጅ ዘመድ ጋ ሄደ። እኛ ሶስት ነበርን፣ አንዱ የወላይታ ልጅ፣ አንዱ የጅግጅጋ፣ እኔ ከጎጃም፣ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የሚባል ያለው የለም። አርብ ማታ ከቆጠራ በኋላ አንድ አሰልጣኛችን የነበሩ ሃምሳ አለቃ የት ልትሄዱ ነው ብለው ጠየቁን፣ አናውቅም አልን። እንግዲያው ሀውልቶቹን እዩ አሉን፣ ግን ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ዙር ሙሉ ዙሩት፣ ከኋላው ያለውን እዩ፣ ከዛ ተራው ወታደር የት እንዳለ ፈልጉ። ይሄን ብለው ሄዱ። እኛ ያኔ ብዙም አልገባንም።

ቅዳሜ በቡራዩ አድርገን አዲስ አበባ ገባን፣ መጀመሪያ አቡነ ጴጥሮስ ጋ ሄድን። ዞርነው። ጣልያን ሐምሌ 22 ቀን 1928 በአደባባይ የረሸናቸው ጳጳስ ናቸው፣ ህዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ በግዝት ከልክለው የሞቱ። ወታደር አይደሉም፣ መሳሪያ አልያዙም፣ የወላይታው ልጅ ግን ኮፍያውን አውልቆ ቆመ እኛም አወለቅን። ከዛ ምኒልክ አደባባይ፣ ፈረሱ ሁለት የፊት እግሩን አንስቶ ያለው። እሱንም ዞርነው፣ ንጉሱ አለ ፈረሱ አለ፣ በአድዋ በእግሩ የሄደው ሰው ግን የለም። ጅግጅጌው "እግረኛው የት አለ?" አለ፣ ሃምሳ አለቃው ያሉት ነገር ያኔ ነው የገባን። ከፊት ለፊት ጊዮርጊስ ገባን፣ ታቦቱ አድዋ የዘመተው ቤተክርስቲያን፣ ስምንት ማዕዘን ነው፣ ጣልያን በ1929 አቃጥሎታል በኋላ ታደሰ።

ማታ ፒያሳ አንድ ርካሽ ፔንሲዮን ሶስታችን አንድ ክፍል ይዘን አደርን፣ ከለመድነው የተነሳ 10 ሰዓት ሌሊት ላይ ሶስታችንም ያለ ፊሽካ ተነሳን።

እሁድ ስድስት ኪሎ። የየካቲት 12 ሀውልት። እዚህ ነው ብዙ የቆየነው። ከላይ ረጅም ድንጋይ ነው ከስር ዙሪያውን ነሐስ ላይ የተቀረፀ ስዕል አለ፣ ቆመህ ፊትህ ትይዩ ነው፣ እጅህን ብትዘረጋ ትነካዋለህ። ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ገነተ ልዑል ግቢ (አሁን ዩኒቨርሲቲው ያለበት) ለድሆች ምፅዋት እሰጣለሁ ብሎ ህዝብ ሰብስቦ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦንብ ሲወረውሩበት ጣልያኖቹ ሶስት ቀን ሙሉ ከተማውን ፈጁት። የወላይታው ልጅ ነሐሱን በጣቱ እየተከተለ ሄደ፣ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው፣ የእናት ክንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዛ ዞር ብሎ "መሳሪያ የያዙት እኮ አንድ ወገን ብቻ ናቸው" አለ። ሌላ ነገር አላለም። እስከዛ ቀን ድረስ ስለ መሳሪያ የተማርኩት እንዴት እንደሚፈታ እንዴት እንደሚፀዳ እንዴት እንደሚተኮስ ነበር፣ ባዶ እጁን ምፅዋት ሊቀበል የመጣ ሰው ላይ ሲዞር ምን እንደሚመስል ግን ያየሁት እዛ ነሐስ ላይ ነው። እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

መጨረሻ ላይ ትግላችን ሀውልት፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት። ሰዓቱ እየሄደ ነበር ልንመለስ ነው፣ ጅግጅጌው ግን አልመለስም አለ። እዛ በ1969 እና 70 የሶማሊያ ጦርነት ከኛ ጋ ተሰልፈው የሞቱ የኩባ ወታደሮች ምስል አለ፣ ፊታቸው በተርታ። ልጆች ናቸው። የኛ እኩያ። እሱ እያንዳንዱ ፊት ጋ እየቆመ ነበር የሚያልፈው፣ ልክ ሻምበሉ ጠዋት ሰልፍ ላይ ፊት ለፊትህ ቆሞ አይቶህ እንደሚያልፈው። አያቱ ጅግጅጋ ስትያዝ እዛ ነበሩ፣ የካራማራን ተራራ ከቤታቸው ያዩታል፣ ሲያሳድጉት ስለዛ ጊዜ ይነግሩት ነበር። "እነዚህ ባህር ተሻግረው መጥተው እኛ ሰፈር ነው የሞቱት፣ እናቶቻቸው ካራማራ የት እንደሆነ አያውቁም" አለ። ሆለታ የደረስነው ለ11 ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ እየሮጥን።

እኔ የምለው ምንድነው፣ ማንኛውም ሰልጣኝ ቢያንስ አንድ ቅዳሜና እሁድ እንዲህ ቢያሳልፍ ጥሩ ነው፣ በአውቶብስ ተጭኖ ወርዶ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ሳይሆን በእግሩ፣ ዙሮ፣ ተራውን ወታደር እየፈለገ። እናንተስ ስልጠና ላይ እያላችሁ የት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ተራው ወታደር ስሙ ወይ ፊቱ ያለበት ሀውልት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ታሪክ_ቤት፦
በጣም ደስ የሚል ፅሁፍ ነው። አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ምኒልክ ሀውልት በ1923 የዘውድ በዓሉ ዋዜማ ነው የተመረቀው፣ ጣልያን ሲገባ ግን ከቦታው አንስቶ ቀብሮት ነበር፣ አልሰበረውም፣ ስለዚ ከነፃነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን የምናየው ያው ራሱ ነው። ለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ተጭኖ ሮም ሄዶ ዶጋሊ ላይ ለሞቱት ጣልያኖች የቆመ መታሰቢያ ስር ነው የተቀመጠው። አስቡት፣ ራስ አሉላ ጥር 1879 ዶጋሊ ላይ ያሸነፋቸው ወታደሮች ሀውልት ስር የኛን አንበሳ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው የተመለሰው። ጣልያን ሀውልት ምን ያህል ስራ እንደሚሰራ በደንብ ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ የተሸነፈበትን እየነቀለ ያሸነፈ የመሰለበትን ይተክላል። ወታደር ከተማ ሲይዝ መጀመሪያ ሀውልቱን ለምን እንደሚነካ ከዚ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሰሜን_ተራራ፦
በቅንነት ልናገር፣ እኔም ሰልጥኛለሁ፣ አልስማማም። ለወራት 10 ሰዓት ሌሊት እየተነሳህ ኮሾሮ እየበላህ ጭቃ ውስጥ እየተሳብክ ቆይተህ የምታገኘው አንድ ፈቃድ ነው። እናትህ ድምፅህን ሳትሰማ ከርማለች። ሰልጣኝ ያን ቀን መተኛት አለበት፣ ቤቱ መደወል አለበት፣ ልብሱን ማጠብ አለበት። ታሪክ ደሞ በስልጠናው ሰዓት ይሰጥ፣ ከእረፍቱ አይቀነስበት። የእግሬ ጥፍር ተነቅሎ ፋሻ አስሬ የወጣሁበት ፈቃድ ትዝ ይለኛል፣ አንድ አደባባይ መሻገር ራሱ ከባድ ነበር።

ባለኮዳ፦
@ሰሜን_ተራራ ወንድሜ ልክ ነህ፣ እናትን የመሰለ የለም። እኛም ቅዳሜ ከሰዓት መጀመሪያ ያደረግነው ስልክ መደወል ነው፣ ረስቼ አልፃፍኩትም። እንደ ትዕዛዝ ይሁን ማለቴ አይደለም፣ ዘመድ የሌለው ልጅ ከተማ ገብቶ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ቀኑ ያልቅበታል፣ ለሱ ነው ይበልጥ ያሰብኩት። በስልጠና ሰዓት ይሁን ያልከው ግን ወድጄዋለሁ፣ ረጅም የእግር ጉዞው መጨረሻ ላይ አንድ የታሪክ ቦታ ቢሆን ማን ይጠላል።

ጡረተኛው_መኮንን፦
ልጄ፣ ፅሁፍህን ልጄ ስልኩ ላይ አነበበልኝ። እኔ የሐረር አካዳሚ ሰው ነኝ፣ ህንዶች መኮንኖች ነበሩ የሚያስተምሩን። እሁድ እሁድ ጀጎል እንወርዳለን። አሚር ኑር ያሰሩት ግንብ ነው፣ አምስት በር ነበረው ጥንት፣ አንዱ አስተማሪያችን ከበር በር በእግራችን እያስኬዱ "አንተ የዚህ ከተማ ጠባቂ ብትሆን ዘብህን የት ታቆማለህ፣ አጥቂ ብትሆንስ በየት ትገባለህ" እያሉ ይጠይቁን ነበር። አጥሩ አራት መቶ ዓመት ያለፈው ነው፣ ጥያቄው ግን አዲስ ነው። ከፍታው የት ነው፣ ውሃው በየት ይመጣል፣ ገበሬው በየት በር ይገባል። ከዚያ ቀን በኋላ ግንብ ሳይ እንደ ጌጥ አይቼ አላውቅም። ጎንደር ተመድቤ ስሄድ የፋሲልን ግቢ ያየሁት እንደዚያው ነው፣ ጣልያንም በ1934 ህዳር የመጨረሻውን ጦሩን እጅ ያሰጠው ጎንደር ላይ ነው፣ ያለ ምክንያት እዚያ አልመሸገም፣ መሬቱን እዩት።

የራስ መኮንን በፈረስ ላይ ያለ ሀውልት ሐረር ነበር። እጩ መኮንን ሆነን ከፊቱ ብዙ ጊዜ ተሰልፈናል። በ2012 ወደቀ። ሌላ ነገር አልጨምርበትም፣ ግን ሀውልቶችን እዚህ ስታነሱ እሱም ይነሳ ብዬ ነው።

ታሪክ_ቤት፦
ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልን፣ እንደርስዎ ያለ ሰው እዚህ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ራስ መኮንን ሀውልት ካነሱ አይቀር፣ የሐረሩን የቀረፀው ዩጎዝላቪያዊው አውጉስቲንቺች ነው፣ የስድስት ኪሎውንም የካቲት 12 ከክርሺኒች ጋር ሆኖ የሰራው እሱ ነው። @ባለኮዳ ጓደኛህ በጣቱ የተከተለው ነሐስ የዛው ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ቃኘው_ልጅ፦
ሰላም፣ ሴት ነኝ፣ አባቴ ኮሪያ ዘማች ነበር፣ አርፏል። "ተራው ወታደር የት አለ" የሚለውን ሳነብ እንባዬ መጣ። እንዴት አፍንጮ በር ሳትሄዱ ተመለሳችሁ? ከስድስት ኪሎ እኮ በእግር የምትደርሱበት ነው፣ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ። ቃኘው ሻለቃ የሚባሉት፣ ስሙ ራስ መኮንን አድዋ ላይ የጋለቡት ፈረስ ስም ነው። ከክብር ዘበኛ ተመርጠው ሚያዝያ 1943 በጅቡቲ በመርከብ ሄዱ። በዙር በዙር ከ6,000 በላይ ሰው ሄዷል፣ 121 ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል፣ አንድም የተማረከ የለም። አባቴ ቁጥሩን ሁሌ እንደዚህ በተርታ ነበር የሚለው፣ "አንድም የተማረከ የለም" ሲደርስ ድምፁ ይቀየራል።

ልጅ ሆኜ የሚነግረኝ ስለ ብርዱ ነው። በረዶ አይቶ አያውቅም ነበር። ጓንቱን አውልቆ ብረቱን ሲነካ ቆዳው ተጣብቆ ቀረ ይል ነበር፣ ቀኝ እጁ ሌባ ጣቱ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረው፣ እኛ ልጆች እሱን ይዘን ነው የምንተኛው። ታሪክ መፅሀፍ ላይ ያ ጣት የለም። ሌላው የሚነግረኝ ደሞ የሞተ ጓድ ጥለው እንደማይመለሱ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ሄደው ያመጡታል።

ባለኮዳ፦
እህቴ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍንጮ በር መኖሩን አላወቅንም። ያን ቀን ስድስት ኪሎ ቆመን ተራው ወታደር የት አለ እያልን ስንጠያየቅ ትንሽ ብቻ ወርደን ብንሄድ እናገኘው ነበር፣ ይሄን ሳነብ ተቆጨሁ። ማንም አልነገረንም እኛም አልጠየቅንም። የአባትሽን ጣት ጉዳይ ለጅግጅጌው ጓደኛዬ ደውዬ ነገርኩት፣ ዝም ብሎ ቆይቶ "ብረት ላይ" ብቻ አለ።

እናት_ዓለም፦
አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴም አትርሱ፣ የአርበኞች መቃብር አለ። ሲልቪያ ፓንክረስት ከነሱ ጋር ነው የተቀበረችው፣ ያቺ እንግሊዛዊት በብዕሯ ከኛ ጋር ጣልያንን የታገለችው። አያቴ አርበኛ ነበሩ እዛ አይደሉም ገጠር ነው ያሉት፣ ግን ሥላሴ በሄድኩ ቁጥር ሻማ አበራላቸዋለሁ። የሚያዝያ 27 ሀውልትም እዛው አደባባዩ ላይ ነው፣ ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት 1928 ሚያዝያ 27፣ ጃንሆይ የተመለሱበትም ልክ በአምስት ዓመቱ ያው ቀን ነው።

ጡረተኛው_መኮንን፦
ልጆች፣ ሆለታ ሰልጥናችሁ አንድ ነገር አለማንሳታችሁ ገረመኝ። በ1928 እዚያ የነበሩት እጩ መኮንኖች ከስዊድኖቹ መኮንኖች ትምህርታቸውን ገና አልጨረሱም፣ ጣልያን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጣርማበር ላይ ሊያዘገዩት ወጡ። ልጆች ነበሩ። ማቆም አልቻሉም፣ ብዛቱም መሳሪያውም አይመጣጠንም። ከዚያ ግን አልተበተኑም፣ ወደ ወለጋ ወርደው ጥቁር አንበሳ የሚባለው ጦር ውስጥ ገቡ፣ ሰኔ 1928 ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ሶስት የጣልያን አውሮፕላን ያቃጠሉት እነሱ ያሉበት ጦር ነው። እናንተ በተሰለፋችሁበት ሜዳ የተሰለፉ ናቸው። ሀውልት ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳችሁ፣ መነሻችሁ ራሱ የታሪክ ቦታ ነው።

ባለኮዳ፦
ጋሼ ይሄን በክፍል ሰምተነዋል ግን በዚ መልኩ አስቤው አላውቅም። ጣርማበርን በመኪና ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፣ ጣልያን በኋላ የቆፈረው ዋሻ ውስጥ መብራት አብርተን እናልፋለን፣ ከዛ ጉም ነው፣ ብርድ ነው፣ አንዴም መኪናውን አስቁሜ ወርጄ አላውቅም። እኛ እሁድ ከሰዓት እየሮጥን በር ስንደርስ ዘቡ ላይ የነበረው ልጅ "የት ነበራችሁ" ሲለን "ሀውልት ስናይ" ብለን የመለስነው ትዝ አለኝ።

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም ወንድሞች፣ እኔ አሁን ስልጠና ላይ ነኝ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈቃድ አለን አዲስ አበባ እገባለሁ። ጊዜዬ አጭር ነው፣ አንድ ቀን ብቻ ካለኝ የቱን ልያዝ? ዩኒፎርም ለብሼ ልሂድ ወይስ ሲቪል?

ባለኮዳ፦
ሲቪል ልበስ፣ ቀለል ያለ ጫማ አድርግ፣ ከስክሱን ተወው እግርህ ይረፍ (@ሰሜን_ተራራን አስታውሰህ)። በየሄድክበት ካሜራ አታውጣ፣ የሚጠበቅ ግቢ አጠገብ ከሆንክ ዘቡን ጠይቀህ ነው። ጠዋት አራት ኪሎ ሥላሴ ጀምር፣ በእግርህ ስድስት ኪሎ ውጣ፣ የካቲት 12 ጋ አትቸኩል፣ ከዛ አፍንጮ በር ውረድ። ከሰዓት ከተረፈህ ጊዮርጊስና ምኒልክ፣ አሁን ደሞ የአድዋው መታሰቢያ እዛው ነው። ትግላችንን ለሌላ ፈቃድ አቆየው። መጀመሪያ ግን እናትህ ጋ ደውል።

ሰሜን_ተራራ፦
የመጨረሻዋ ላይ ተስማምተናል። ውሃ ያዝ ደሞ፣ ስድስት ኪሎ ዳገት ነው።

ቃኘው_ልጅ፦
አፍንጮ በር ስትደርስ ስሞቹን አንብብልኝ እባክህ። አባቴ ከነሱ መሀል አይደለም፣ ተመልሶ መጥቷል፣ ግን የሱ ጓዶች ናቸው። ድምፅህን አውጥተህ ብታነባቸው ደስ ይለኛል።

አዲስ_ገቢ፦
እሺ እህቴ።

አዲስ_ገቢ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
ይቅርታ ስልክ የምናገኘው በተራ ስለሆነ ነው የዘገየሁት። ሄጄ ነበር። ሥላሴ ቅዳሴ ላይ ደረስኩ ውጪ ቆምኩ። ስድስት ኪሎ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ፣ ያላችሁትን ነሐስ ዞርኩት፣ አንድ ቦታ ላይ ሰው እየነካው መሰለኝ ቀለሙ የተለየ ነው፣ እኔም እዛው ላይ እጄን አደረኩ።

አፍንጮ በር እንደገባሁ መጀመሪያ ዝም ብዬ በአይኔ ነበር የማነበው። ከዛ እህታችን ያለችው ትዝ አለኝ ድምፄን አወጣሁ። ሰው አልነበረም ከአንድ ሽማግሌ ጥበቃ በስተቀር። ትንሽ እንዳነበብኩ አባባ ከወንበራቸው ተነስተው መጡ፣ ሊያስቆሙኝ መስሎኝ ነበር፣ አጠገቤ ቆመው ኮፍያቸውን አውልቀው ብብታቸው ስር ያዙት። አንድ ስም ላይ ሳነብ አሳሳትኩ መሰለኝ አረሙኝ፣ "ጠበቅ አርገህ" አሉ። እስኪያልቅ ቆሙ። ስጨርስ "ከየትኛው ክፍል ነህ?" ብለው ጠየቁኝ፣ ሲቪል ለብሻለሁ እኮ፣ እንዴት አወቁ ስላቸው አቋቋምህ አሉኝ።

ቃኘው_ልጅ፦
ልጄ ይባርክህ። ለእናቴ አነበብኩላት፣ ድገሚልኝ አለች፣ ደገምኩላት።

ጡረተኛው_መኮንን፦
የትኛውን ስም ነው ያረሙህ? ከመጣህ በኋላ ፃፍልኝ፣ አንዱን ሳላውቀው አልቀርም።